የቅዳሜው ድስት ከሴኔጋል ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣

የዚህ ወር ተራ የቼቡ ጄን ነው። በወሎፍ ቋንቋ “ሩዝ በዓሣ” ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 መዝግቦታል።

ዓሣው ይሰነጠቅና በነጭ ሽንኩርት፣ በፐርስሜሎና በቃሪያ ይሞላል። ከተጠበሰ በኋላ በቲማቲም ቁሌት ከጎመን፣ ከካሮትና ከካሳቫ ጋር ይበስላል። ሩዙም የሚበስለው በዚያው መረቅ ነው፤ በባዶ ውሃ ቀቅላችሁ እንዳታመጡብኝ፣ አደራ! ድስቱ ሥር የሚያርረውንም አትጣሉ። እነሱ ፍቀው ያቀርቡታል። ለእኔ ምርጡ እሱ ነው።

አበላሉ እንደኛው ከአንድ ትሪ ነው። ሁሉም ከፊቱ ይበላል፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ ዓሣውን ከመሃል እየቆረሰች ወደ እንግዳው ትገፋለች። ጉርሻ ለምዶብን እጃችን እንዳያመልጠን እንጂ!

ዓሣ የማይስማማው ካለ እስከ ሐሙስ ይንገረኝ። ሎሚ ማን ያመጣል?