ስላቅም ቁም ነገር ይዞ ይመጣል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቀድሞውን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የዲክ ቼኒን ሕይወት መሠረት አድርጎ በአዳም ማኬይ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2018 ለዕይታ የበቃው «ቫይስ» የተሰኘው ፊልም፣ ስላቅ ስለሆነ ብቻ ከቁም ነገር ሊቆጠር አይገባም የሚለውን አስተያየት አልቀበለውም።

ፊልሙ ፈጠራውን አይደብቅም። ገና በመካከሉ፣ ቼኒ ከፖለቲካ ርቀው ከቤተሰባቸው ጋር በሰላም የኖሩ ይመስል የመዝጊያው ስም ዝርዝር መውረድ ይጀምራል፤ ወዲያው ስልክ ይጮኽና ታሪኩ ይቀጥላል። ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት ሰውየው በዚያው ቢቀሩ ኖሮ ምን ያህል ጥፋት ሊቀር ይችል እንደነበር ያስባል፤ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እኔ አላየሁም።

ቼኒ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ባደረጉት ንግግር የያኔው የኢራቅ መሪ ሳዳም ሁሴን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ባለቤት ለመሆናቸው ጥርጥር እንደሌለ መናገራቸው፣ አሜሪካ ኢራቅን ከወረረች በኋላም የተባለው የመሣሪያ ክምችት አለመገኘቱ ግን የደራሲ ፈጠራ አይደለም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፊልሙ ጥፋቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አብዝቶ ይጭናል። ጦርነቱን የፈቀደው ኮንግረስ ነው፤ በሴኔቱ 77 ለ23፣ በተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133 በሆነ ድምፅ። እጃቸውን ያወጡት እንደራሴዎች በዚህ መጠን ከተጠያቂነት ማምለጣቸው ያሳዝነኛል። ጋዜጣችሁ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ሲገመግም፣ ከተዋንያኑ ብቃት ባሻገር ይህንንም እንዲመረምር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ