ይድረስ ለክቡር የባህል ኃላፊ፦ «አርባ ልጆች» የእኛው ናቸው

ክቡር ሆይ፣

ማመልከቻ አስገብቼ፣ ደጅ ጠንቼ መልስ ስላጣሁ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎት። ቢሮውን በስም አልጠራም፤ የት እንደሆነ ያውቁታል።

የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ «አርባ ልጆች»፣ ስለ አርባዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች የሚናገር አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይቁም ነው ያልኩት። ማመልከቻዬ ተመልሶ ሲመጣ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የውጭ ዜጎች ጉዳይ ስለሆነ አይመለከተንም» ተብሎበታል። ፊርማ የለውም። ማኅተም የለውም። ማን እንደጻፈው የሚነግረኝም ጠፋ።

እንዴት አይመለከተንም? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ ወላጆቻቸውን በኦቶማን ቱርክ እልቂት ያጡ አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አድንቀው ብቻ አልተመለሱም። የአርመኑን ፓትርያርክ አስፈቅደው፣ ኃላፊነቱን ወስደው አርባዎቹን ወደ አገራችን አመጧቸው። አርመኖች ያኔ ነጻ መንግሥት አልነበራቸውም። ኤምባሲ የለ፣ አምባሳደር የለ። አንድ ጥበብ ወዳድ ሰው ለወላጅ አልባ ልጆች በሩን ስለከፈተ ነው ሁለቱ ሕዝቦች እንዲህ የተሳሰሩት።

የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠሩ፤ ግጥሙን የጎጃሙ ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። አገር ቆሞ የዘመረውን መዝሙር አንድ አርመንና አንድ ጎጃሜ ናቸው የሠሩት! የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ደግሞ የእኛን ቅኝት ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበሩ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አፈሩ። እኔ ትራምፔት የተማርኩት ከእሳቸው ተማሪ ነው። መምህሬ ስማቸውን ሲጠራ ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር። ታዲያ እኚህ ሰው «የውጭ ዜጋ ጉዳይ» ሲባሉ እንዴት ዝም ልበል?

ገንዘብ የለም ቢባል ይገባኝ ነበር። ቦታ የለም ቢባልም እንነጋገር ነበር። አይመለከተንም መባሉን ግን አልቀበልም። በ2016 ዓ.ም. መቶኛ ዓመታቸው ሲሞላ ሰሌዳው መቆም ነበረበት።

ውሳኔው የእርስዎም ከሆነ፣ ስምዎንና ፊርማዎን አኑረው በጽሑፍ ይስጡኝ። ካልሆነ ያ ቀይ ጽሑፍ ተሽሮ ማመልከቻዬ እንደገና ይታይ።

አንድ የአዲስ አበባ ትራምፔት ተጫዋች