የአከርካሪ ጉዳት፣ ለተረኞች በሙሉ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ትናንት ማታ ሜክሲኮ አካባቢ ከግንባታ ላይ የወደቀ ልጅ ሰዎች እጅና እግሩን ይዘው ታክሲ ውስጥ ጭነው አመጡልን፣ አንገቱን የደገፈለት የለም፣ ቶሎ ይድረስ ብለው እኮ ነው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እባካችሁ እንዲህ አይነት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ትንፋሹን እዩ። ድያፍራምን (ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚያዙት ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያሉት የአንገት ነርቮች ናቸው፣ አንገቱ ከተጎዳ አሁን እያወራችሁ ያለው ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊደክም ይችላል፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ ጥሩ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ በአንድ ትንፋሽ ስንት ድረስ እንደሚቆጥር ደጋግማችሁ ጠይቁት፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ከመጣ ወዲያው ጥሩን።

ሌላው የደም ግፊት ነው። ግፊቱ ወርዶ ልቡ ቀስ ብሎ እየመታ እግሩም ሞቅ ካለ ኒውሮጄኒክ ሾክ (ከነርቭ ጉዳት የሚመጣ የደም ግፊት መውደቅ) አስቡ፣ ግን ደም የሚፈስበት ቦታ እንደሌለ ሳታረጋግጡ እንዳትደመድሙ፣ ሆዱንና ደረቱን በአልትራሳውንድ እዩ። ፈሳሽ ብቻ እየጨመሩ መሄድ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል፣ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት፣ ኖርአድሬናሊንን፣ አታዘግዩ። ሚን ፕረዠሩን (አማካይ የደም ግፊቱን) ድሮ የተማርነው ከ85 እስከ 90 ለ7 ቀን ነበር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ግን ቢያንስ ከ75 እስከ 80፣ ከ90 እስከ 95 ሳያልፍ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን ነው የሚለው፣ እንደዛ ለመያዝ እንሞክር፣ የተጎዳው ነርቭ ደም ካጣ ሁለተኛ ጉዳት ነው የሚደርስበት።

በሽተኛ የሚሸከሙበት ጠንካራ ቦርድ ላይ ለሰዓታት አታስተኙት፣ ስለማይሰማው አይነግራችሁም፣ የመተኛት ቁስል ከዛ ነው የሚጀምረው። የሽንት ካቴተር (ቱቦ) አትርሱ። አጥንቱ ነርቩን ከተጫነው ደግሞ ኦፕሬሽኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይሻላል፣ ሰርጀኖቹን በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሷቸው።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሎግ ሮል (አከርካሪው ሳይጣመም በሽተኛውን እንደ ግንድ ማገላበጥ) እንለማመዳለን፣ ቢያንስ 4 ሰው ያስፈልጋል፣ ማን ማን ይመጣል?