ችግኝ ሞልቷል፤ የቸገረን ውሃና አጥር ነው

ለሽምብጥ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሥራ ምክንያት ከባሕር ዳር ርቃችሁ ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

በመጪው ክረምት በትምህርት ቤቱ ግቢ 60፣ በጤና ጣቢያው 30፣ ከጣና ዳር ወደ ደቡብ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኝ 70፣ በድምሩ 160 ዛፍ ልንተክል ተነስተናል። ችግኝ አንለምንም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ በክረምት አይጠፋም። የሚገድለው በጋው ነው፦ ዝናቡ ሲያባራ የሚያጠጣው የለም፣ ከብትና ፍየል የሚከለክልለት የለም። የምንጠይቃችሁ የሁለት በጋ ውሃና አጥር ነው።

ዛፍ የትም ቢተከል ጥላ አለው፤ የሕንፃን ሙቀት የሚቀንሰው ግን ቦታው ሲመረጥ ነው። በባሕር ዳር በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። ያኔ ቀትርን የሚቀበለው ጣሪያው ነው፤ ጠዋት የምሥራቁ፣ ከሰዓት የምዕራቡ ግድግዳ ይመታል። ክፉው የምዕራቡ ነው፤ አየሩ አስቀድሞ ሞቆ ሳለ ፀሐይ ይጨመርበታል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎችም ክፍል ውስጥ ናቸው። 6 ሜትር የሆነ ዛፍ በመጋቢት አጋማሽ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ወደ ምሥራቅ 8 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረድፍ ከምዕራብ ግድግዳ 5 ሜትር አርቀን እናቆመዋለን።

በጤና ጣቢያው ከሁሉ የሚያሳስበን የክትባት ማቀዝቀዣው ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ክፍሉ በጋለ ቁጥር ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ብዙ መብራት ይበላል፣ መብራት ሲጠፋም ቶሎ ይሞቃል። እዚያ ከሚተከሉት 30 ዛፎች 18ቱ የዚያን ክፍል ግድግዳ የሚጋርዱ ናቸው።

ዛፉ በጥላ ብቻ አያበርድም። በቅጠሉ የሚተነው እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ከአካባቢው 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ በቀን 50 ሊትር የሚያተን ጎልማሳ ዛፍ 34 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከመብራት ሂሳብ ላይ ይቀነሳል ብለን ቃል አንገባም፤ ቅዝቃዜው ለመንገዱና ለጎረቤቱም ይበተናል። ደግሞም ዛፍ የሚያተነው የሚጠጣው ሲኖር ነው። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ መተንፈሻውን ይዘጋል፤ መጋቢት ላይ ውሃ ያጣ ዛፍ ጥላ እንጂ ብርድ አይሰጥም።

ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይገባል። የመንገዱ ረድፎች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉት ነፋሱ መሐላቸውን ይዞ እንዲያልፍ ነው። በሐይቁ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ አጥር መትከል ያምራል፤ ከኋላው ያለውን ሰፈር ግን ያፍነዋል። እኛ አንተክለውም።

ስለ ዝርያ ብዙ ተከራክረናል። ጃካራንዳ የከተማችን ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉን አራግፎ የሚያብበው ጥላ በሚያስፈልግበት በጋ ስለሆነ ከምዕራብ ግድግዳ አጠገብ አይገባም። ዘንባባ ለመንገድ ግርማ እንጂ ለጥላ ብዙ አይሆንም። ዋርካ ሥሩ መሠረትና ቧንቧ ይሰነጥቃል፤ አንድ ብቻ፣ ከሁሉም ሕንፃ ከ20 ሜትር በላይ ርቆ በሜዳው መሐል ይተከላል። ለግድግዳው የመረጥነው በጋውን ሙሉ ቅጠሉን የሚይዘውን ዶቅማ ነው። ለመንገዱ ዋንዛና ብርብራ፣ በመብራት ሽቦ በኩል ብቻ ወይራ፣ እሱም እየተገረዘ።

አፈራችን ዋልካ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በዋልካ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በብስባሽ መሙላት ገንዳ መሥራት ነው፤ ክረምት ላይ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩ ይታፈናል። ጉድጓዱ ግንቦት ላይ 60 በ60 በ60 ሴንቲሜትር ይቆፈራል፣ ግድግዳው በዶማ ይሻክራል፣ የወጣው አፈር ራሱ ይመለሳል። ብስባሹ 20 ኪሎ ብቻ፣ ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር ጋር ተደባልቆ ይገባል። ችግኙ ከመሬቱ 25 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በጉብታ ላይ ይቆማል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቆረጣል። ጥቅምት ላይ በጉብታው ዙሪያ የውሃ መያዣ ክብ ይሠራል፣ 10 ሴንቲሜትር ደረቅ ሣር ይነጠፋል፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ፣ ምስጥ ይጋብዛል። ከሐይቁ የወጣ ጥሬ እምቦጭ አምጥታችሁ እንዳታነጥፉ አደራ፤ ዘሩ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ጎርፍም መልሶ ወደ ጣና ይወስደዋል። በኮብልስቶኑ ላይ ለእያንዳንዱ ዛፍ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይነሣል፤ ወደዚያ የሳሙና እጣቢ አይደፋም።

የሚያስፈልገንን በብር ሳይሆን በዕቃ የቆጠርነው ዋጋው ስለሚለዋወጥ ነው። ለእያንዳንዱ ዛፍ 4 ቋሚ እንጨት፣ 3 ሜትር ተኩል የሽቦ መረብ፦ በድምሩ 640 የባሕር ዛፍ እንጨትና 560 ሜትር መረብ። የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ይለብለብ እንጂ የተቃጠለ ዘይት አይቀባ፤ ዘይቱ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ብስባሽ 32 ኩንታል፣ ሣር 160 ሸክም፣ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ 2፣ የእጅ ጋሪ 3፣ ጀሪካን 30። ዛፎቹ ጣሪያ እስኪደርሱ ዓመታት ስለሚፈጁ፣ 8 በ28 ሜትር የሆኑትን ሁለት የመማሪያ ብሎኮች ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 100 ሊትር ነጭ የጣሪያ ቀለም እንፈልጋለን። ኖራ አታምጡ፤ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላል።

ከሁሉ የከበደን ማንም የማይወደው ወጪ ነው፦ የሁለት አጠጪዎች ደመወዝ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በሳምንት 6,400 ሊትር፣ በበጋ 28 ሳምንት። ውሃው ከትምህርት ቤቱ የጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፤ ሮቶዎቹ ማጠራቀሚያ እንጂ ምንጭ አይደሉም፣ ሁለቱም ቢሞሉ ለሦስት ዙር ብቻ ይበቃሉ። አንድ ወር የአንድ ሰው ደመወዝ የሚችል ቤተሰብ ወይም ማኅበር ካለ፣ ከመቶ ችግኝ ይልቅ እሱን እንመርጣለን።

ገንዘቡን የሚይዘው የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ወጪ የሚሆነው በሦስት ፊርማ ነው። ዕቃ ቅዳሜ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ገቢና ወጪው፣ ከሞቱት ዛፎች ቁጥር ጋር፣ በየወሩ በግቢው በር ላይ ይለጠፋል።

ተከላው ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሐምሌ 1 እስከ 25 ነው። መረቡና እንጨቱ እስከ ሰኔ 20 ካልተሟላ፣ አጥር የደረሳቸውን ያህል ብቻ እንተክላለን። ቅድሚያ የጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ምዕራብ ግድግዳ፣ መንገዱ የመጨረሻ ነው።