እማዬ፣ ስለዛ ሰዓት ስለሚያስጮኸው ባንድ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው? ጋሽዬስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁም ትምህርት ቤቱን ለምዶታል፣ ጠዋት ጠዋት ከብርዱ ጋ ከመጣላት በቀር ሌላ ችግር የለብንም።

ባለፈው ስንደዋወል "እነዛ ሽማግሌ ፈረንጆች ግን ምን ቢያደርጉልሽ ነው እንዲህ ምትሆኚላቸው" ብለሽ ሳቅሽብኝና ወዲያው ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ መልሱ አፌ ላይ ቀረ። ባይቆረጥም ኖሮ አንቺ መሀል ላይ ወጡ አረረብኝ ብለሽ መሄድሽ አይቀርም፣ ስለዚ በጽሁፍ ልንገርሽ። ረጅም ነው፣ መነጽርሽን አድርጊና ፊደሉን አተልቀሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልታርሺኝ የመጣሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል አይደል፣ አንቺ ኩሽና ገንፎ እያገነፋሽ እኔ ሳሎን ፒንክ ፍሎይድ ከፍቼ፣ ድንገት ያ ሁሉ ሰዓት ባንዴ ሲያቃጭል "በስመ አብ!" ብለሽ ማማሰያሽን እንደያዝሽ ሮጠሽ የመጣሽው። ያ ዘፈን ታይም ይባላል፣ ሰዓቶቹ ደሞ የእውነት ሰዓቶች ናቸው። አላን ፓርሰንስ የሚባል የስቱዲዮው ሳውንድ ኢንጂነር አሮጌ ሰዓት የሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ አንድ ባንድ ቀድቷቸው ነው፣ በኋላ አንድ ላይ እንዲጮሁ አድርጎ አገጣጠማቸው። ያኔ ኮምፒውተር ምናምን የለም እኮ፣ ሁሉም በእጅ ነው። እዛው አልበም ላይ መኒ የሚል ዘፈን አለ፣ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ ሚስቱ ሸክላ ስትሰራ የምትጠቀምበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ቀዳው፣ ከዛ የቴፑን ክር በማስመሪያ እየለኩ ቆራረጡና ቀጣጠሉት፣ የሳንቲሙ ድምጽ ራሱ የዘፈኑ ምት ሆነ፣ ሰባት ሰባት እየቆጠረ የሚሄድ። ካሴት በተበላ ቁጥር ክሩን በእስክሪብቶ ስታጠነጥኚ የኖርሽው አንቺ ይሄ ምን ያህል ትዕግስት እንደሚፈልግ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

አልበሙ ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን ነው፣ በፈረንጅ 1973 የወጣው፣ በኛ 65 መሆኑ ነው። እስከ 1988 ድረስ አሜሪካ ቢልቦርድ የሚባለው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት የቆየ፣ ከ45 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል የሚባልለት አልበም ነው፣ ስለዚ ጉደኛዋ እኔ ብቻ እንዳልመስልሽ። ከሱ ውስጥ አንቺ ምትወጂው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ አለች፣ አንድ እሁድ ስቱዲዮ ጠሯትና ግጥም የለውም እንደመጣልሽ አውጪው አሏት፣ ዘፈኑ ስለ ሞት ነው። ሴትየዋ ገብታ እንደ አልቃሽ አወረደችው፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ እየጮኸች እየሰበረች መጨረሻ ላይ ድክም ብሏት ዝቅ ስትል አንጀትሽን ትበላዋለች። እና ስንት የከፈሏት ይመስልሻል? 30 ፓውንድ። እኔ እዚ ጋ ስደርስ ሁሌ ነው ምናደደው። በ2004 ከሰሰች፣ በ2005 ተስማሙ፣ አሁን አልበሙ ላይ የድርሰቱ ተካፋይ ተብላ ስሟ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከሪቻርድ ራይት ጎን ይጻፋል። ደግ አደረገች።

ግን እማዬ እኔን የያዘኝ እሱ አልበም አይደለም፣ ሌላኛው አልበማቸው ዊሽ ዩ ዌር ሂር ነው፣ "ምነው እዚህ በነበርክ" ማለት ነው። ስራ ቦታ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ አንድ ፈረንጅ አለ፣ ሌሊት ፈረቃ አብረን ስንገባ ነው ይሄን ነገር ያስለመደኝ፣ እሱ "ዳርክ ሳይድን ዓለም በሙሉ ይወደዋል፣ ዊሽ ዩ ዌር ሂርን ግን የጎደለበት ሰው ነው ሚወደው" ብሎኛል። መጀመሪያ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር፣ ታሪኩን ሳውቅ ግን ገባኝ፣ ላንቺም መንገር የፈለኩት እሱን ነው።

ባንዱ በ1965 እዚ ሎንዶን ሲጀመር ዘፈን የሚጽፍላቸው፣ ጊታር የሚመታው፣ የባንዱን ስም ራሱ ያወጣው ሲድ ባሬት የሚባል የካምብሪጅ ልጅ ነበር፣ መልከ መልካም ነገር። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1967 ሲወጣ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነው። ከዛ አእምሮው ታወከ። ግማሹ ኤልኤስዲ የሚባለው እጽ ነው ይላል፣ ግማሹ ሕመሙ ድሮም ውስጡ ነበር ይላል፣ ብቻ መድረክ ላይ ጊታሩን አንጠልጥሎ ቆሞ ዝም ማለት ጀመረ። ለመደገፍ ብለው ዴቪድ ጊልሞር የሚባለውን የሲድን የቆየ ጓደኛ አስገቡ። በ1968 መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆነው ለዝግጅት ሲሄዱ "ሲድን እንውሰደው እንዴ?" አሉ፣ ተዉት ተባባሉ፣ በቃ እንደዛ ነው የቀረው። ማንም ሂድ አላለውም፣ ዝም ብለው ሳይወስዱት ሄዱ።

ሰባት ዓመት አለፈ፣ እነሱ በዓለም የታወቁ ሀብታሞች ሆኑ፣ በ1975 አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብተው ዊሽ ዩ ዌር ሂርን እየሰሩ ነው። አልበሙ ሻይን ኦን በሚባል ስለ ሲድ በተጻፈ ዘፈን ነው ሚከፈተው፣ ዘጠኝ ክፍል ነው፣ አምስቱ መግቢያው ላይ አራቱ መዝጊያው ላይ። አንድ ቀን ራሱንም ቅንድቡንም የተላጨ ወፍራም ሰውዬ ስቱዲዮው ውስጥ ቆሟል፣ ማን ነው ይሄ ይባባላሉ፣ ማናቸውም አላወቁትም። ሲድ ነው። ያን ቀን ሲሰሩ የነበሩት ራሱ ስለሱ የተጻፈውን ዘፈን ነበር ይባላል። ሲያውቁት ሮጀር አለቀሰ ብለው ይናገራሉ።

እማዬ እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ያሰብኩት ጋሽዬን ነው። በ83 ከሰሜን ሲመለስ እማማ በር ላይ እያዩት "ማንን ፈልገህ ነው ልጄ" እንዳሉት ነግረሽኛል። እና ደሞ ቤት ውስጥ ሁሌ ስለ ጋሽዬ የሚወራው "ነበር" እየተባለ ነው አይደል፣ ጎበዝ ነበር፣ ተጫዋች ነበር፣ እሱ እዛው ጓዳ ቁጭ ብሎ እየሰማ። የሲድ አድናቂዎችም እንደዛው ናቸው፣ ወሬያቸውን ስትሰሚ ሰውዬው በ1968 የሞተ ነው ሚመስልሽ። እሱ ግን እስከ 2006 ድረስ ካምብሪጅ ውስጥ ኖሯል፣ ስዕል ይስላል፣ አትክልቱን ይኮተኩታል፣ በሳይክሉ ሱቅ ይሄዳል፣ ምታየው እህቱ ሮዝሜሪ ነበረች። በሩ ላይ አድፍጠው ፎቶ የሚያነሱት ሰዎች ነበሩ፣ ይሄንን ነውር ሳይ የኛ ሰፈር ሰው ስንት ጊዜ ይሻላል እላለሁ። ጊልሞር ደሞ የሲድ የሮያሊቲ ብር (ከዘፈኖቹ የሚገባው ድርሻ) በትክክል እንዲደርሰው ይከታተል ነበር። ይሄን ስሰማ ለጊልሞር ያለኝ ነገር ጨመረ።

አሁን ዘፈኑን ልንገርሽ። ስትከፍቺው ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ የራይት ኪቦርድ እንደ ጭጋግ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ከዛ ጊልሞር በጊታር አራት ኖታ ብቻ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ አራቱን። አራቱ ናቸው ሁሉ ነገር። የሰው ድምጽ እስኪመጣ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ አንቺ "ዘፋኙ የት ሄደ" ምትይው እዚ ጋ ነው፣ መልሱ እኮ እሱ ራሱ ነው፣ ዘፋኙ የለም፣ ሄዷል፣ እሱን እየጠበቁ ነው። እኔ እንደዛ ነው ምሰማው ቢያንስ። መሀል ላይ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ሲጀምር ደሞ የመኪና ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግበት ትሰሚያለሽ፣ ወሬ ያልፋል፣ ትንሽ የቻይኮቭስኪ ሲምፎኒ ያልፋል፣ ከዛ ከሬዲዮው ውስጥ የመጣ የሚመስል ቀጭን ጊታር፣ ከዛ ሌላ ጊታር እዚሁ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይመልስለታል። የእማማን ፊሊፕስ ሬዲዮ ማታ ማታ ስታንጓጓ የነበርሽ ሰው ነሽ፣ ይሄ ቦታ ላይ እንግዳ አትሆኚም።

ሽፋኑም ላይ ሁለት ሰዎች እየተጨባበጡ አንዱ በእሳት ይነዳል፣ ፎቶው ውሸት እንዳይመስልሽ፣ ሮኒ ሮንዴል የሚባል ስታንትማን (ለፊልም አደገኛ ነገር የሚሰራ ሰው) ነው፣ ንፋሱ ተገልብጦበት ጺሙን ለብልቦታል። እና ያንን የመሰለ ፎቶ አንስተው ሲያበቁ አልበሙን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ሸጡት፣ ፎቶው እንዳይታይ። የሌለ ሰው አልበም ስለሆነ ሽፋኑም እንዳይኖር። ደሞ የወጣበትን ቀን ስሚ፣ ሴፕቴምበር 12 1975፣ ቆጠርኩት፣ በኛ መስከረም 1 ቀን 1968 ነው፣ እንቁጣጣሽ። ጃንሆይ ካረፉ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። እናንተ ያኔ የደርግን የመጀመሪያ እንቁጣጣሽ ታከብራላችሁ፣ እነዚህ እዚ ጓደኛቸውን ያለቅሳሉ።

አድናቂው እርስ በርሱ አይስማማም፣ ይሄም ሌላ መዝናኛ ነው። የሮጀር ወገን አለ የጊልሞር ወገን አለ፣ ሮጀር በ1985 ከወጣ በኋላ ያለው ፒንክ ፍሎይድ አይባልም የሚል አለ፣ ሲድ ከሄደ በኋላ ያለው ራሱ አይባልም የሚልም አይጠፋም። ያ የስራ ቦታዬ ሰውዬ አኒማልስ የሚባለው አልበም ወገን ነው፣ በ1977 የወጣው፣ ሽፋኑ ላይ ባተርሲ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች መሀል አሳማ የሚበርበት። ያ አሳማ የእውነት ትልቅ ፊኛ ነበር፣ ካመለጠ ተኩሶ የሚጥለው ሰው ሁሉ ቀጥረው ነበር፣ ባመለጠበት ቀን ግን ተኳሹ አልተጠራም፣ አሳማው በሂትሮ አውሮፕላኖች መንገድ ላይ ሲንሳፈፍ ውሎ ኬንት ውስጥ ገበሬ ማሳ ላይ ወደቀ። ቦታው አሁን የገበያ ማዕከል ሆኗል፣ ሌላ ጊዜ ስትመጪ እወስድሻለሁ። ሮጀርና ጊልሞር ግን እስከዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው፣ ሁለቱም 80 ዓመት ገደማ ሆኗቸው፣ ሽማግሌ ሚልክባቸው ሰው ጠፍቶ።

አንዴ ግን ታርቀው ነበር፣ ያስታረቃቸውን ሰውዬ ደሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቦብ ጌልዶፍ ነው፣ ያ በኛ የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ዘፋኞቹን ሰብስቦ ገንዘብ ያዋጣልን አየርላንዳዊ። ገናን ያውቁት ይሆን ብለው የዘፈኑልን፣ ለላሊበላ አገር! (አንቺ ይሄን ስትሰሚ "እኛ እነሱን ነበር መጠየቅ" ያልሽው አሁንም ያስቀኛል።) ጌልዶፍ ከዛ በፊት በ1982 በፒንክ ፍሎይድ ዘ ዎል ፊልም ላይ ዋናውን ገጸ ባህሪ ሆኖ ሰርቷል። ዘ ዎል ሮጀር አባቱን የሚያስብበት አልበም ነው፣ አባቱ በ1944 ጣሊያን አንዚዮ ላይ ሲሞት እሱ የወራት ሕጻን ነበር። ለረሃቡ የተዘጋጀው ኮንሰርት ላይቭ ኤይድ በ1985 ሲደረግ ጊልሞር ለሌላ ዘፋኝ ጊታር ሊያጅብ መጥቶ ነበር፣ ባንዱ ግን ያኔ ፈርሷል ማለት ይቻላል። ከ20 ዓመት በኋላ ላይቭ 8 የሚባል ሌላ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ጌልዶፍ ለመናቸው፣ ጁላይ 2 2005 ሃይድ ፓርክ ላይ አራቱም፣ ሮጀር፣ ጊልሞር፣ ራይትና ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን፣ አንድ ላይ ቆሙ፣ ከ24 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያን ቀን እዛው መድረክ ላይ የኛዋ ብርሃን ወልዱም ወጥታ ነበር፣ በ77ቱ ፊልም ላይ ልትሞት ስታጣጥር የታየችው የትግራይ ሕጻን፣ አድጋ ተምራ። አንቺ በ77 ደሴ ስታስተምሪ ያየሽውን አንድ ሁለቴ ብቻ ነው የነገርሽኝ፣ ከዛ በላይ አልጠየኩሽም፣ ግን ቪዲዮውን ሳየው ስላንቺ ነው ያሰብኩት። ሮጀር ዊሽ ዩ ዌር ሂርን ሊጀምሩ ሲሉ ለሌሉት ሁሉ፣ በተለይ ለሲድ ነው አለ። ሲድ በዓመቱ ሞተ፣ ራይትም በ2008፣ ስለዚ አራቱ ድጋሚ አይሆኑም።

በቃ መልሱ ይሄ ነው እማዬ፣ እንዲህ ምሆንላቸው ለዚ ነው። አሁን ምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አልበሙን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ሙሉው 44 ደቂቃ ነው፣ ከቅዳሴ ያጥራል። በስልኩ ስፒከር አትስሚው እባክሽ፣ ድምጹን ቆርቆሮ ያደርገዋል፣ ሰው አግኝቼ ትንሽ ስፒከር ልኬያለሁ፣ ቅዳሜ ይደውሉልሻል። ከሰዓት በኋላ ቡናውን ካፈላሽ በኋላ ክፈቺው፣ ጋሽዬም እንዲሰማ በሩን ክፍት አድርጊው፣ ና ስማ አትበይው ግን፣ ዝም ብለሽ ክፈቺው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማሽን ይጮሃል፣ ካስጠላሽ ድምጹን ቀንሺ እንጂ አትዝለይው። ደስ ካላለሽም አልወደድኩትም በይኝ፣ አልቀየምም፣ ጋሽዬ ምን እንዳለ ብቻ ጻፊልኝ፣ ምንም ካላለ ምንም አላለም ብለሽ ጻፊልኝ።

ስፒከሩን ለሚያመጡልሽ ሰዎች ደሞ ሲመለሱ ሚጥሚጣ አስይዣቸው፣ ያለቀብኝ ቆይቷል፣ ትንሽ ይበቃኛል፣ ባለፈው የላክሽው ብዛት ኤርፖርት ላይ አስጠይቆኛል።

ልጅሽ