ሶፍትዌር የገዛው ተቆልፎበታል፤ ለቅጂ መብት አስከባሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ከፍለን የምንሠራበት ሶፍትዌር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይቆለፍብናል ብለን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን ሦስቱንም ጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተብለናል። እንግዲህ ሕዝብም አብሮ ይየው።

አውቶካድን፣ ማለትም የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራሙን፣ በደንበኝነት ክፍያ የሚጠቀም የንድፍ ቢሮ ኮምፒውተሩን ቢያንስ በየ30 ቀኑ ከኢንተርኔት ማገናኘት አለበት። የአምራቹ ኩባንያ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይሰንሱን፣ ማለትም የመጠቀም ፈቃዱን፣ ካላረጋገጠ ፕሮግራሙ ሥራ ያቆማል። እነ ዎርድንና ኤክሴልን የያዘው ማይክሮሶፍት 365 የሚታገሠው 31 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ያስነብባል፣ ያትማል፣ ማረም ግን ይከለክላል። ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ መስመሩ ከተቋረጠበት ሳይሆን ላይሰንሱ መጨረሻ ከተረጋገጠበት ቀን ነው። ከተረጋገጠ 20 ቀን ያለፈውን አውቶካድ ለመቆለፍ የ10 ቀን መቋረጥ ይበቃል። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔትማ ወራት ፈጀ፤ የፎቶሾፕ አምራች አዶቢ ለዓመታዊ ደንበኛው የሚሰጠው 99 ቀን እንኳ ሌላ መስመር ለሌለው ሰው አልበቃም።

ክራክ የተደረገውን በፍላሽ አስጭኖ የሚሠራው ጎረቤቱስ? ምንም አልሆነ። ክራክ ማለት ያንን ማረጋገጫ ማሰናከል ነውና ቀን የሚቆጥርበት የለም። ለሌባ የተሠራው ቁልፍ የሚከረቸመው በከፋዩ ላይ ነው።

የቅጂ መብት አዋጁን ቁጥር 410/1996ን ለእናንተ ማስተማር ድፍረት ይሆንብናል። ሕጋዊ ባለይዞታ የፕሮግራሙ ቅጂ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ይፈቅድለታል። አስቀምጠናል። ይኸው ቅጂ ግን ሲጫን መልሶ ያንኑ ሰርቨር ይጠይቃል። እንዲህ ያለው መጠባበቂያ ምን እንደሚጠባበቅ አልገባንም።

ማቃለያ ያላቸው አሉ። ለድርጅት በሚሸጠው ማይክሮሶፍት 365 የአይቲ ባለሙያው 31 ቀኑን እስከ 180 ቀን ማራዘም ይችላል፤ ነገር ግን መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ካላስተካከለው ዋጋ የለውም። ይህን ገንዘብ ሲቀበል የነገረን ሻጭ የለም፤ እንዲናገር ያስገደደውም የለም። ስንት ቀን ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ ማለት ለእናንተ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሥራ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ይመልሱልን፤ ዋናውን ገዝቶ የተቆለፈበት ሰው ሥራው እንዳይቆም ክራኩን ቢጭን፣ የቁጥጥር ቡድናችሁ ሲመጣ ከየትኛው ወገን ይመዘግበዋል? በጽሑፍ እንጠብቃለን። «በመታየት ላይ ነው» የሚለው ሦስት ቅጂ አለን።