ደብዳቤ ለልጄ፦ እህል ስታድል አትስበክ

ጎንደር፣ ሐምሌ 24

ልጄ፣ አካሌ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ በክረምት እንደለመደው ያመኛል፣ ሌላ የለም። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ማፍሰሱን አልተወም፤ ሳፋ ደቅኜበታለሁ። ይህን የምነግርህ ብር ላክ ለማለት አይደለም። እንዳትልክ።

ሐሙስ ማታ የጎረቤታችን ልጅ፣ ያቺ ቀልቃላዋ፣ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። «እማማ፣ ዲያቆንን ይዩት!» መነጽሬን እስካገኝ ልቧ ሊወጣ ደረሰ። አየሁህ። ከስተሃል። ፀሐዩ አክስሎሃል። ነጠላህን መስቀለኛ አጣፍተህ ከሩዝ ጆንያ ክምር አጠገብ ቆመሃል። በአንድ እጅህ መጽሐፍ፣ በሌላው ጣሳ። ከሥሩ የተጻፈውን እሷው አነበበችልኝ፤ «ዛሬ 43 ነፍሳት ለጥምቀት ተመዘገቡ» ይላል።

እልል እንድል ጠብቃ ነበር መሰለኝ። ቡና ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

ከፎቶው ጥግ ላይ አንዲት ሴት አለች። አንገቷ እስከ አገጯ በጨሌ ተሞልቷል። ሌላው ሰው ሁሉ አንተን ያያል፣ እሷ ጆንያውን ታያለች። «እስኪ አጉይልኝ» አልኳት ልጅቱን። በሁለት ጣቷ ከፈት አደረገችው። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። እህል ስታድል አትስበክ። በቃ። የቀረውን ካልፈለግህ አታንብበው፣ ይችን ግን ያዝልኝ።

መሄድህን አልጠላሁትም፣ ታውቃለህ። የሄድክ ዕለት ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስጄህ ጣሪያውን አንጋጠን አየን። ሕፃን ሆነህ በእነዚያ መላእክት ትፈራ ነበር፤ የትም ብቆም ያዩኛል እያልክ። ያን ዕለትም ያዩህ ነበር። ደግሞ ቱርካና የእኛው ኦሞ የሚፈስበት ሐይቅ ዳር ነው ብለህ አጽናናኸኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ኬንያ ነው፣ ግን ውኃው የኛ ነው» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ። አባትህም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

በ77ቱ ድርቅ እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለ፣ የእርዳታ እህል የሚያድል አንድ ድርጅት ስም ጻፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ጠረጴዛ፣ መዝገብና ቢክ እስክሪብቶ ሰጡኝ። ስሙ በእኔ እጅ ያልተጻፈ ሰው አይሰፈርለትም። በዚያ ዕድሜ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስበው። ትልልቅ ሰዎች ቆመው «እታለም» ይሉኛል።

ከወለቃ በኩል ቤተ እስራኤሎችም ይመጡ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም፣ ፈላሻ ነበር የምንላቸው። እናቴ ሸክላ ሠሪዎቹ ሲያልፉ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር፣ ቡዳ ናቸው እየተባለ። በእነሱ እንስራ ውኃ እየቀዳን፣ በእነሱ ምጣድ እየጋገርን።

ከእነሱ አንዷ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አዝላ ትመጣለች። እጇ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፣ ጥፍሯ ሥር ሳይቀር። ሌላው ሰው ጣሳውን በእጄ ሲሰጠኝ፣ እሷ መሬት ላይ አስቀምጣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ትላለች። እህሉ ሲሰፈርላትም እኛ ራቅ እስክንል ቆማ ጠብቃ ታነሣዋለች። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር አይነካኩም፤ ከተነኩ ይታጠባሉ። «አትንኩኝ» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የጽዋ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቅናት ይዞኛል። አንድ ቀን መዝገቡን ገልጬ ስሟን ሳልጽፍ እንዲህ አልኳት። «ለምን ከነልጅሽ ክርስትና አትነሺም? አብረሽን ትሆኛለሽ። ስምሽንም ከፊት አደርግልሻለሁ።»

ከፊት አደርግልሻለሁ። እነዚህን ሁለት ቃላት አርባ ዓመት ሙሉ ስመነዝራቸው ኖርኩ።

ወደ ጆንያው አየች። ከዚያ «እሺ» አለች።

እኔ ነኝ የልጅቱ የክርስትና እናት የሆንኩት። ማኅተቡን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እህል ሲሰፈር ጣሳዋን መሬት ላይ አላስቀመጠችም። በእጄ ሰጠችኝ። ጣቷ ጣቴን ነካው፣ ቀዝቃዛ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለማኅበሩ ተነሥቼ ተናገርኩ፣ እልል ተባለልኝ። ለእሷ ያ ምን እንደነበር፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ማን አብሯት እንደሚበላ አልጠየቅሁም። እናቷ ምጣዷን ለይታ ነበር። ይህን የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

እህል ስታድል አትስበክ ያልኩህ ለዚህ ነው። የራበው ሰው «እሺ» ሲል ለማን እሺ እንዳለ በምን ታውቃለህ? ጌታ ራሱ ሕዝቡን በእንጀራ ካጠገበ በኋላ በማግሥቱ ሲከተሉት፣ የምትፈልጉኝ እንጀራ ስለጠገባችሁ ነው አላቸው። ዮሐንስ 6። ፊት ለፊት ነገራቸው። ስማቸውን አልመዘገበም።

አባትህ ቱሪስት ይዞ ጎርጎራ ሲወርድ ስለ ሁለቱ ኢየሱሳውያን፣ ስለ ካቶሊክ ሰባኪዎቹ፣ ይተርክ ነበር፣ ሸምድደኸው የለ። ፔድሮ ፓኤዝ እንደ ፈረንጆቹ በ1603 መጣ፤ ተቀምጦ ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ቀጥሎ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። እንደገና ተጠመቁ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ጾሙም በዓሉም ይለወጥ አለ። ሱስንዮስ አብሮት ቆመ። አገሩ በደም ተነከረ። በ1632 ሱስንዮስ ራሱ ታክቶት የሕዝቡን ሃይማኖት መለሰለትና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አባረረ። «እንግዲህ ይህ ሁሉ ግንብ የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው» ይልና አባትህ እጁን ዘርግቶ ጉርሻውን ይቀበላል።

ያን ስሰማ ሁልጊዜ በሜንዴዝ እፈርድ ነበር። እሱ ከጀርባው የንጉሥ ጦር ነበረው። እኔስ? ጆንያ ነበረኝ። ያን ያሰብኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። እኛን ወደ ክርስትና ያመጣን ፍሬምናጦስ ግን ተማርኮ የመጣ ልጅ ነበር፤ የሚያድለው ጥሬም አልነበረው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መቼም እናትህ ጨዋታ ስትጀምር ታውቃታለህ።

በ83 ግንቦት 16 እና 17፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በአንድ ቀን ተኩል ነው ያለቀው። ከጎንደር ቤት ንብረታቸውን ሸጠው ቀደም ብለው አዲስ አበባ ወርደው ነበር። እሷም ልጇን ይዛ ወርዳለች። እህቷ ተሳፈረች። እናቷ ተሳፈረች። እሷ «አንቺማ ክርስቲያን ነሽ» ተባለች። እንደሷ ቀድሞ የተጠመቁት በብዛት ቀሩ።

ጎንደር ተመለሰች። አንድ ክፍል ተከራይታ መጠበቅ ጀመረች። እንደሷ የሚጠብቁ ብዙዎች ነበሩ፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስንት ዓመት እንደጠበቁ አንተም አይተሃል። ልጅቱ ግን እኛ ቤት ትመጣ ነበር። ታስታውሳታለህ? አዝላ ያሳደገችህ እሷ ናት። የጀበናውን አንገት ሰብረህ እኔ ነኝ ብላ የተቆጣሁባት። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር አደይ ይዛ ትመጣ ነበር። ከዚያ ድንገት ቀረች። ስድስት ዓመትህ ነበር፣ «ለምን አትመጣም?» እያልክ ነዘነዝከኝ። አዲስ አበባ ሄደች አልኩህ።

ዋሸሁህ።

በ92 እናቷ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም። እዚያው ደጃፍ ቆማ እንዲህ አለች። «እትዬ፣ ከእስራኤል ሰዎቹ ፊት አብረውኝ ቀርበው ይመስክሩልኝ። በረሃቡ ምክንያት መሆኑን ይንገሩልኝ።» አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነበር የፈለገችው። ይርዳት አይርዳት አላውቅም። እኔ ግን ምን አልኩ? «ክርስትና በእህል አይለወጥም! እንዲህ ብለሽ እግዚአብሔርን አታስቀይሚ» አልኳት። ጮክ ብዬ። ጎረቤት እስኪሰማ። እውነቱን ከመሰከርኩ ያ ሁሉ እልልታ ምን ሊሆን ነው? ለራሴ ነው የፈራሁት።

ምንም አልመለሰችልኝም። ይዛው የመጣችውን አዲስ ጀበና ከደጃፉ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች። ከዚያ ሄደች።

ያ ጀበና ነው እስከ ዛሬ ቡና የምናፈላበት። አንድ ቀን እንኳ ከየት መጣ ብለህ አልጠየቅኸኝም።

እየጠበቀች ሞተች። ለቅሶዋ ላይ መግባት አልደፈርኩም፤ ከመንገድ ማዶ ቆሜ አየሁ። ልጅቱ ከዓመታት በኋላ ተሳክቶላት ሄዳለች ብለውኛል።

ንስሐ አባቴ «ልጅቱን በማስጠመቅሽ አትጸጸቺ» ይሉኛል። በጥምቀቱ አልተጸጸትኩም። ጣሳውን በእጄ ይዤ በመናገሬ ነው። ለምን እንደሆነ ካህን ለሆነ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለአንተ ግን የሚከብድ አይመስለኝም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ፎቶውን አውርደው። ዛሬውኑ። 43ቱን ሰዎች ማጥመቂያ ቀን ቆርጣችሁ ከሆነ አብረውህ ላሉት ካህን ንገራቸውና አቆዩት፤ ዝናብ ዘንቦ ፍየሎቻቸው ወተት ሲሰጡ፣ ጠግበው ሲመጡ ጠይቋቸው። ያን ጊዜ 43 ባይሆኑ አትዘን። ሦስት ቢሆኑ ሦስት ናቸው። እህሉን ሌላ ሰው ያድለው፣ አንተ በዚያ ቀን ከዚያ አትገኝ። ወይም አንተ አድል፣ ግን አፍህን ዝጋ። መጽሐፉን ቤት ትተህ ሂድ። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላል እኮ፤ አንተ ነህ እንዲያውም ለእኔ ያነበብክልኝ።

ቋንቋቸውንም ተማር። እግዚአብሔርን አኩጅ ነው የሚሉት ብለኸኛል። ስም ካላቸው ባዶ ቤት አልገባህም ማለት ነው። መጀመሪያ ስለ አኩጅ ምን እንደሚሉ ቁጭ ብለህ ስማ። አሮጊቶቹን ጠይቅ፤ ወንዶቹ ያጋንናሉ።

ተቆጣሁህ አይደል? ሌሊት ተነሥቼ ስላንተ እጸልያለሁ። የሩቅ ልጅ እናት መሆን እንዲህ ነው፤ በአንድ አፍ ይሳደቡም ይመርቁም።

ቆይ፣ ሳልረሳው። አጎበር ሳትዘረጋ እንዳትተኛ፤ ወባው ክፉ ነው አሉ። ውኃ አፍልተህ ጠጣ። የዛሬ ሳምንት ፍልሰታ ይገባል፤ በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ ብለህ እንዳትወድቅ፣ ከካህኑ ጋር ተመካከር። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፤ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ፣ ከዚያ የሚቀበል ሰው ስልክ ላክልኝ። ሽሮውን ለሰው ሁሉ አታድለው፣ ለራስህ ነው። ካደልከውም የነገርኩህን አትርሳ፤ አትስበክበት።

የመጨረሻ አንድ ነገር። አንተ በዚህ ስልክ ሰው መፈለግ ታውቅበታለህ። የክርስትና ልጄን ፈልግልኝ። አሁን አርባ አልፏታል፣ የልጆች እናት ሳትሆን አትቀርም። ፎቶ የለኝም። እኔ ባስወጣሁላት የክርስትና ስም እንዳትፈልጋት፣ በዚያ አትገኝም። እናቷ ያወጣችላትን ስም ስትደውልልኝ እነግርሃለሁ። ካገኘኻት ስለ እኔ ምንም አትበላት። ጀበናው አልተሰበረም ብቻ በላት።

እናትህ